እዘሉን አላልንም

ባለፈው ሳምንት ሦስት ባልደረቦቼ በአንድ ቀን አንድ ጽሑፍ ላኩልኝ። ጸሐፊው ብዙ ዓመት ዩኒቨርሲቲ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የጽሑፋቸው ፍሬ ነገር ይህ ነው። ጀማሪ መምህራን በምርምር፣ በሕትመት፣ በደረጃ ዕድገትና በጤንነት ይደገፉ የሚባለው ነገር ሰውን ማስነፍ ነው። ምሁር በራሱ እግር ይቆማል፤ አይታዘልም። ይህንን ለማስረዳት ሰባት ነጥብ ዘርዝረዋል።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ተናድጄ፣ ቀጥሎ ረጋ ብዬ። ጸሐፊው በኩራዝ አጥንተው፣ በእጅ ጽፈው፣ በታይፕ አስመትተው እዚህ የደረሱ ሰው ናቸው። ትጋታቸው ያስቀናል። እኔም በሌላ ከተማ በረዳት ምሩቅነት ጀምሬ፣ አሁን ጎንደር ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። የማወራው ስለማውቀው ኑሮ ነው። ነጥባቸውን በያዙት ቅደም ተከተል እወስዳለሁ። አንዳንዱ ላይ እቆያለሁ፤ አንዳንዱን ቶሎ አልፈዋለሁ።

የመጀመሪያው ነጥባቸው የቆሎ ተማሪ ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ፣ ለምኖ እየበላ የተማረ ልጅ ሊቅ ሆኖ ወጥቷል። እሱን ማን ደገፈው? የዛሬው ግን ደመወዝ እየተከፈለው ድጋፍ ይጠይቃል ይላሉ።

ይህን ምሳሌ ማንሣታቸው ደስ ብሎኛል። ጎንደር ከየአገሩ የቤተ ክርስቲያኑን የዝማሬ ሥርዓት፣ አቋቋምን፣ ሊማር የተነሣ ሁሉ በአታ ቤተ ክርስቲያን የት ነው እያለ የሚመጣባት ከተማ ናት። ስለ አብነት ተማሪ የሚጠየቅ ሰው እዚህ አይጠፋም። አጎቴ ራሳቸው ቅኔ ቤት የተማሩ ናቸው፤ አሁን ሰማንያን አልፈዋል። ጽሑፉን ቁጭ ብዬ አነበብኩላቸው። «ማን ደገፈው» የሚለው ጋ ስደርስ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። «ማነው ደግሞ ብቻውን የተማረው?» አሉኝ።

ከዚያ ያወሩልኝን ላካፍላችሁ። ቅኔ ቤት የገባ ልጅ መወድስ የሚባለውን ረጅም ቅኔ አምጣ አይባልም። በጉባኤ ቃና ይጀምራል። ሁለት ቤት፣ ማለት ሁለት ስንኝ፣ ብቻ ነው። እሱ ሲቀናለት ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ ይሻገራል። ከዚያ ሚበዝኁ ይላል። እንዲህ እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። ቀን ጥላ ፈልጎ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ማለት አስቦ ያዘጋጃል። ማታ ለየኔታ ይነግራል። የኔታ ይሰማሉ፣ የተሰበረውን ያቃናሉ፣ የማይሆነውን ይመልሳሉ። ተማሪው ሲበዛ ደግሞ አስነጋሪ አለ። አስነጋሪ ማለት ቀድሞ የገባ፣ የበሰለ ተማሪ ነው፤ ጀማሪዎቹን እሱ ያያል። የሚያድርበትን ጎጆ የሠሩት ከሱ በፊት የመጡት ናቸው። ሲያመው ቁራሽ ለምኖ የሚያመጣለት ጓደኛው ነው። «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ወጥታ እንጀራ የምትሰጠው እናትም አለች። አገሩ በሙሉ ይህ ልጅ ይማር ብሎ ተስማምቷል።

ችግሩም ነበረ። አጎቴ ያን ዘመን አያሳምሩትም። ርሃብ፣ ቅማል፣ እከክ፣ የውሻ ንክሻ ሁሉንም አይተዋል። አብረዋቸው ጀምረው የሞቱ ልጆች አሉ። ሳነብላቸው ያዘኑበት ነገር ግን ችግሩ እንደ አስተማሪ መቆጠሩ ነው። «እኔን ርሃቡ አላስተማረኝም። ያስተማሩኝ የኔታ ናቸው» አሉኝ።

እንግዲህ የእኛን ቤት እንይ። አንድ ልጅ በጥሩ ውጤት ይመረቃል። ረዳት ምሩቅ ሆኖ ይቀራል፣ ወይም ማስተርሱን ይዞ ሌክቸረር ሆኖ ይገባል። ገና በመጀመሪያው ዓመት ማስተማር፣ ምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት ሦስቱም ይጠበቁበታል። ፕሮፖዛል ጻፍ፣ ዳታ ሰብስብ፣ ዓለም አቀፍ ጆርናል ላይ አሳትም ይባላል። ይህ መወድስ ነው። ጉባኤ ቃናውን ማን አስቆጠረው? መቶ ገጽ የማስተርስ ጽሑፉን ወደ አሥራ አምስት ገጽ እንዴት እንደሚያወርደው ማን አሳየው? የገምጋሚ (ሪቪወር) አስተያየት ሲመጣለት ነጥብ በነጥብ እንዴት እንደሚመለስስ? አብዛኞቻችን ይህንን ያየነው በመጀመሪያው የእምቢታ መልስ (ሪጀክሽን) ቀን ነው።

እኔ የመጀመሪያ ረቂቄን አንድ ነባር መምህር እንዲያዩልኝ ሰጥቼ ነበር። ያኔ የምሠራበትን ተቋም ስም አልጠራም፤ ጎንደር አልነበረም። ሰባት ወር ጠበቅኩ። አንድ ቀን ለሌላ ጉዳይ ቢሯቸው ገብቼ ወረቀቴን ጠረጴዛቸው ላይ፣ ከሌላ ክምር ሥር አየሁት። እንደሰጠኋቸው ነው። ሁለተኛው ገጽ እንኳ አልተገለጠም። ክፉ ሰው አልነበሩም። እሳቸውንም ጀማሪ ሳሉ ማንም አላነበበላቸውም። ጀማሪን ማንበብ የሥራቸው አካል ነው ብሎ የነገራቸውም የለም። የማንም ግዴታ ያልሆነ ነገር ሁልጊዜ ከክምር ሥር ነው የሚያድረው።

ስለ ጎንደር ካነሣን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ተቋም በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀምር ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያውን (ሳኒተሪያኑን) በቡድን አድርጎ ገጠር ጤና ጣቢያ እየላከ ያሠለጥን ነበር። የቡድን ሥልጠናው እስከ ዛሬ አለ። ማንም ጀማሪውን ብቻህን ሄደህ ወረርሽኝ አቁም አላለውም። ከጎኑ ሌላ ሙያ ያለው ጓደኛ፣ ከበላዩ ደግሞ የሚያየው መምህር ነበረው። ያንን ዘዴ ለምርምር ጀማሪም እናውለው ብንል አዲስ ነገር ከውጭ እናምጣ ማለታችን አይደለም።

ሁለተኛው ነጥብ ጊዜ ነው። ሁሉም ሰው 24 ሰዓት አለው፤ የሚጽፍ ይጽፋል፣ የሚያወራ ያወራል ይላሉ። ሰዓቱ እኩል ነው። ሥራው ግን እኩል አይደለም። የኮርስ ድልድል ሲወጣ ነባሮቹ የለመዱትን ይይዛሉ። ለአዲሱ የተረፈው ይደርሰዋል። ብዙ ጊዜ የሚደርሰው የመጀመሪያ ዓመት ትልቅ ክፍል ነው። ኖቱን ከዜሮ ያዘጋጃል። የፈተና ወረቀቱን በጆንያ ተሸክሞ ቤቱ ይገባል። ከዚያ ቃለ ጉባኤ ያዝ፣ የፈተና ፕሮግራም አውጣ፣ ሪፖርቱን ታይፕ አድርግ ይመጣል። «አንተ ኮምፒዩተር ትችላለህ» ይባላል፤ በዚያው ይቀራል።

ደመወዙ ስለማይደርስ ቅዳሜና እሑድ ግል ኮሌጅ ያስተምራል። በኅዳር 2015 በብዙ ዩኒቨርሲቲ ያሉ መምህራን በደመወዝ ጉዳይ ሥራ እስከማቆም መድረሳቸውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ሴት መምህራን ላይ ደግሞ የቤት ሥራው ይደረባል። አንዲት ባልደረባዬ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥታ ልጇ እስኪነቃ ድረስ ትጽፋለች። ለሁለት ዓመት እንዲህ ኖራለች። ስለሷ ትንፍሽ ያለ ሰው የለም፤ እሷም አታወራም። እሷን የማያውቅ ሰው ነው «የሚጽፍ ይጽፋል» የሚለው።

የምንጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት አንድ ኮርስ ይቀነስ። በሳምንት አንድ ቀን ስብሰባ የማይጠራበት፣ ኮሚቴ የማይኬድበት ቀን ይኑር። ያ ቀን የመጻፊያ ቀን መሆኑን ዲፓርትመንቱ በሙሉ ይወቀው።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ በጣም ያመመኝ እሱ ነው። ጥሩ ጽሑፍ ቦታውን ራሱ ያገኛል፤ ሐሰተኛ ጆርናል (ጽሑፉን ሳይመረምር ለገንዘብ ብቻ የሚያወጣ) ላይ የሚያሳትም ሰው አጭበርባሪ ነው ብለዋል።

እኔ ሐሰተኛ ጆርናል ላይ አሳትሜያለሁ። ረዳት ሌክቸረር ሳለሁ አንድ ኢሜይል መጣልኝ። «ውድ ፕሮፌሰር» ይላል። ሥራዎን በአድናቆት ተመልክተናል፣ ለሚቀጥለው ዕትማችን ይላኩልን ይላል። እንዴት ደስ እንዳለኝ አልነግራችሁም። ሰባት ወር ከክምር ሥር የተኛ ወረቀቴን የሚፈልግ ሰው ተገኘ! ላክሁት። በአራት ቀን ተቀብለናል አሉኝ። አንድም አስተያየት የለም። ክፍያውን ከወንድሜ ተበድሬ፣ ውጭ አገር ባለ ዘመድ በኩል ላክሁ። በዓመቱ ለደረጃ ዕድገት ሳቀርበው ኮሚቴው ይህ ጆርናል አይታወቅም ብሎ መለሰው። ጽሑፉን ሌላ ቦታ ልልከው አልችልም፤ አንዴ ታትሟል። የሁለት ዓመት ዳታዬ እዚያው ቀረ። የብድሩ ነገር ደግሞ ከወንድሜ ጋር እስከ ዛሬ ይነሣል።

ያኔ ማጭበርበር አላሰብኩም። ልዩነቱን የነገረኝ ሰው አልነበረም፣ በቃ። ጄፍሪ ቢል የሚባል አሜሪካዊ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ እነዚህን ጆርናሎች «አዳኝ» ብሎ ስም ያወጣላቸው እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢ ነው። ለዓመታት ዝርዝራቸውን እያወጣ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2017 ከድረ ገጹ አነሣው። የትኛው ይግባ የትኛው ይውጣ የሚለው ባለሙያዎቹን ራሳቸውን ሲያጨቃጭቅ ነበር። እነሱን ያከራከረ ነገር አንድ ጀማሪ ብቻውን ማራኪ ግቢ ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብሎ እንዲለየው መጠበቅ አግባብ አይመስለኝም።

ታዲያ ድጋፍ እዚህ ላይ ምን ማለት ነው? ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዓት ያህል ይበቃል። አንድ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያና አንድ ያሳተመ መምህር ጀማሪዎቹን ሰብስበው ያሳዩአቸው። የአርታኢዎቹ ስም አለ ወይ? ሰዎቹ በእርግጥ እዚያ ይሠራሉ? ክፍያው በግልጽ ተጽፏል? ዶአጅ በሚባለው የነጻ ጆርናሎች ማውጫ ውስጥ ይገኛል? ከዚህ በፊት ያወጣቸውን ሁለት ጽሑፎች አንብባችኋል? እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረና «አስብ፣ አረጋግጥ፣ ላክ» ሊባል የሚችል ዘመቻ አለ፤ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች እንደነዚህ ያሉ ናቸው። ይህንን በጊዜው አንድ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ የወንድሜ ገንዘብ ኪሱ ውስጥ ነበር።

የክፍያውም ነገር እንዲሁ ነው። በነጻ የሚነበቡ ዓለም አቀፍ ጆርናሎች ብዙዎቹ ከደራሲው ከ1,000 ዶላር በላይ ይጠይቃሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብር አለፈ። ስለዚህ ጀማሪው ዋጋውን ያይና ገጹን ይዘጋል። ግን ኢትዮጵያ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አገሮች የምርምር ጽሑፎችን በነጻ ወይም በቅናሽ በሚያቀርበው ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው መርሐ ግብር፣ በነጻ ከሚያገኙት ከመጀመሪያው ምድብ አገሮች ውስጥ ናት። ሂናሪ የሚባለው የጤናው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2002 በዓለም ጤና ድርጅት በኩል ሲጀመር ለንባብ ነበር የታሰበው። አሁን ግን በርካታ አሳታሚዎች የእኛን ዓይነት አገሮች ደራሲዎች ከክፍያ ነጻ ያደርጋሉ። ብዙዎቹ ጋ ጥያቄው የሚቀርበው ጽሑፉ ሲላክ ነው፤ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ብትጠይቁ አይሰሟችሁም። በደንበኝነት የሚሸጡ ጆርናሎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ደራሲውን ምንም አያስከፍሉም። እኔ ይህንን ያወቅሁት በሥራ ስድስተኛ ዓመቴ ነው፤ ያውም አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ስጠብቅ ከማላውቀው ሰው ጋር ስጨዋወት።

አገር ውስጥም አለን። የኢትዮጵያ ሕክምና ጆርናል እ.ኤ.አ. ከ1962፣ የኢትዮጵያ ጥናት ጆርናል ደግሞ ከ1963 ጀምሮ ይወጣሉ። ጀማሪውን ለጉባኤ ቃናው ወደነዚህ ዓይነት ቤቶች የሚመራው ሰው ቢኖር ውጭ ካለው አዳኝ ይተርፋል።

አራተኛው ነጥብ ላይ አጭር ልሁን። የነባር መምህር ስም በጀማሪው ጽሑፍ ላይ ማስገባት አክብሮት ነው፤ ባህላችን ነው ብለዋል። የሕክምና ጆርናል አርታኢዎች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ለደራሲነት አራት ነገር አንድ ላይ ይጠይቃል። ሥራውን በማቀድ ወይም በዳታው ላይ በእውነት መሳተፍ፣ ጽሑፉን መጻፍ ወይም በሐሳብ ደረጃ ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለሥራው ተጠያቂ መሆን። ኃላፊ መሆን ብቻውን፣ ገንዘብ ማስገኘት ብቻውን ደራሲ አያደርግም። ለነዚህ የምስጋና ክፍል አለላቸው። ጀማሪው ደግሞ እምቢ ማለት አይችልም፤ የሥራ ምዘናውን የሚሞሉት እኒያው ሰው ናቸው። አጎቴን ይህንንም ጠየቅኋቸው። የኔታ የተማሪውን ቅኔ ሲያርሙ የእኔ ነው ይሉ ነበር ወይ? ጥያቄው ራሱ አልገባቸውም። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

መፍትሔው ዳታ ሳይሰበሰብ በፊት ቁጭ ብሎ መነጋገር ነው። ማን ምን ይሠራል፣ ስሙ ስንተኛ ላይ ይገባል የሚለውን በአንድ ገጽ ጽፎ መፈራረም። ይህን ያደረግንባቸው ሥራዎች ላይ እስከ ዛሬ አንድም ጊዜ አልተጣላንም።

አምስተኛው፣ መውደቅ ያጠነክራል የሚለው ነው። ለዚህ ነጥብ ማስረጃ እኔ ራሴ ልስጣቸው፤ ከጽሑፋቸው ውስጥ የቀረ ጠንካራ ማስረጃ አለና። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ አንድ ጥናት በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ገንዘብ የጠየቁ ጀማሪ ተመራማሪዎችን ተከታተለ። በጥቂት ነጥብ ያለፉትንና በጥቂት ነጥብ የወደቁትን አነጻጸረ። በምርምር የቀጠሉት ወዳቂዎች በረጅም ጊዜ ከአላፊዎቹ የተሻለ ሥራ ሠሩ። ስለዚህ ጸሐፊው ትክክል ናቸው?

ያው ጥናት ሌላም ነገር ይላል። ያ ውድቀት አንድ ሰው ከዚያ ሥርዓት ለዘለቄታው የመጥፋቱን ዕድል ከአሥር በመቶ በላይ ጨምሮታል። ጸሐፊው የሚያዩት የቀሩትን ነው። እሳቸውም ከቀሩት አንዱ ናቸው። የሄዱት ጽሑፍ አይጽፉም። ከኔ ጋር ከተቀጠሩት አምስት ሰዎች ሁለቱ ዛሬ ምርምር ውስጥ የሉም። አንዱ ከሁላችንም ይበልጥ ነበር። ስታቲስቲክስ የገባኝ እሱ አስረድቶኝ ነው። አሁን ሱቅ አለው፤ ኑሮው ጥሩ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ስለ ምርምር ሲነሣ ወሬ ይቀይራል።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2018፣ ኔዘርላንድስ ላይ የተሠራ ተመሳሳይ ጥናት ነበር። መስመሩን ለጥቂት ያለፉት ጀማሪዎች በቀጣዮቹ ስምንት ዓመታት ለጥቂት ከወደቁት ከእጥፍ በላይ የምርምር ገንዘብ አገኙ። በግምገማ ያገኙት ነጥብ ግን ከሞላ ጎደል እኩል ነበር። የወደቁት ደግመው ያመለከቱት ካለፉት ባነሰ መጠን ነው። ሮበርት መርተን የተባለው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ይህንን ነገር እ.ኤ.አ. በ1968 በማቴዎስ ወንጌል ስም ጠርቶታል፤ ላለው ይጨመርለታል ከሚለው ቃል ተነሥቶ። እኛ ዘንድ ያ የመጀመሪያ ዕድል ብዙ ጊዜ አንድ ደኅና አማካሪ ማግኘት ነው። አንዱ ያገኛል፣ አንዱ አያገኝም። ያላገኘውን ሰነፍ ማለት አይገባም።

ስድስተኛው ነጥብ የመምህሩ ጤንነት ነው። ጸሐፊው የአእምሮ ጤና፣ ጭንቀት የሚባለው የፈረንጅ ቅብጠት ነው ብለዋል። እርግጥ ቁጥሩ የፈረንጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ቤልጅየም ፍላንደርስ ውስጥ 3,659 የዶክትሬት ተማሪዎች ተጠይቀው ሦስት እጅ ቢሆኑ አንዱ እጅ ለአእምሮ ሕመም የተጋለጠ ሆኖ ተገኝቷል። ያ የነሱ አገር ነው። መብራት ሳይጠፋ፣ ደመወዝ ሳያንስ፣ መንገድ ሳይዘጋ ነው። እኛ ደግሞ የራሳችን አለን።

ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። በዚያ ወቅት አንድ ወጣት ባልደረባዬ ጽሑፉ «ከታረመ እንቀበለዋለን» የሚል መልስ ደርሶት፣ የሁለት ወር ቀን ተቆርጦለት ነበር። ማታ ተኩስ ይሰማል። ቀን ኢንተርኔት ያለበት ቢሮ ፍለጋ ይዞራል። አንዱ ቢሮ መስመር ሲኖር መብራት የለም፤ ሌላው ጋ ደግሞ በተቃራኒው። ለአርታኢው ሁኔታውን ጽፎ ቀን ማስጨመር እንደሚቻል አላወቀም። ያለ ምክንያት የዘገየ ሰነፍ መስሎ መታየት አሳፈረው። ቀኑ አለፈ። ከዚያ ከቡና ቀረ። ከዚያ ከምሳ ቀረ። ሲጠይቁት «ደኅና ነኝ» ይላል። ሁላችንም እንዲሁ ነን። እናቱን ያጣ ሰው እንኳ በሦስተኛው ቀን ደኅና ነኝ ይላል።

አንዲት ነባር መምህርታችን ናቸው የደረሱለት። ሌላ ነገር አላሉትም። «ልጄ፣ እሑድ ምሳ እኔ ቤት ና» አሉት። ሽሮ በልተው፣ ቡና ሦስተኛው ላይ ሲደርስ አሮጌ ፋይል አወጡ። በዘመናቸው የመጡላቸውን የእምቢታ ደብዳቤዎች በሙሉ አስቀምጠዋቸዋል። አንድ በአንድ አነበቡለት። ሰኞ ዕለት አብረው ቁጭ ብለው ለአርታኢው ደብዳቤ ጻፉ። አርታኢው ፋይሉን መልሶ ከፈተለት። እንቅልፍ አጥቶ እንደነበረም ያኔ ነው የነገራቸው። ሆስፒታል ሄዶ የሥነ አእምሮ ባለሙያ አየው። እኒያ ሴትዮ እስከ በሩ ሸኝተውታል።

ይህ ቅብጠት ነው? ሽሮ፣ ቡናና አሮጌ ፋይል ነው። የሚያሳዝነኝ ያ ልጅ የዳነው በእኒያ ሴትዮ ደግነት መሆኑ ነው። እሳቸው ያን ሰሞን አዲስ አበባ ቢሆኑስ ኖሮ? ለያንዳንዱ አዲስ መምህር በስም የሚታወቅ፣ በወር አንድ ጊዜ እንዴት ነህ የሚል ነባር ሰው ይመደብ የምንለው ለዚህ ነው።

ሰባተኛውና የመጨረሻው ነጥብ ገንዘብ የለም የሚል ነው። እዚህ ላይ በከፊል እስማማለሁ። ጸሐፊው የአበል ሥልጠናዎችን አምርረው ተችተዋል። ሆቴል ተይዞ፣ አዳራሽ ተሞልቶ፣ ስላይድ ተነብቦ፣ አበል ተፈርሞ የሚያልቀው ስብሰባ ጀማሪን እንዳልጠቀመ እኔም አይቻለሁ። በዚህ አልከራከራቸውም። ከላይ የዘረዘርኩትን ግን መለስ ብላችሁ እዩት። ረቂቅ ማንበብ፣ አንድ ኮርስ መቀነስ፣ የጆርናል መለያ የአንድ ከሰዓት ትምህርት፣ የደራሲነት ስምምነት አንድ ገጽ፣ ምሳ። የትኛው ነው በጀት የሚጠይቀው? ያለውን ሀብት ማካፈልም ይቻላል። እዚሁ አጠገባችን ዳባት ላይ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የነዋሪውን ልደት፣ ሞትና ፍልሰት የሚመዘግብ የምርምር ማዕከል አለ። እንዲህ ያለ ለዓመታት የተጠራቀመ ዳታ ላይ ጀማሪው ከነባር ጋር ሆኖ አንድ ትንሽ ጥያቄ ቢመልስ ለዳታ መሰብሰቢያ ገንዘብ ፍለጋ ሁለት ዓመት አይባክንበትም።

አሁን ለጸሐፊው ራሳቸው ልንገራቸው። ጋሼ፣ ከተቆጣሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኛ አራት ሆነን ላለፉት ሁለት ዓመታት ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ፒያሳ አንድ ቡና ቤት እንገናኛለን። አንድ ሰው ረቂቁን ያመጣል፤ ሦስታችን እናነባለን፣ እናርማለን፣ እንከራከራለን። ከጀመርን ወዲህ ስድስት ጽሑፍ ወጥቶልናል። ችግራችን አንድ ነው። ከኛ በላይ ያየ ሰው የለንም። እርስዎ ሠላሳ ዓመት ያህል ሲጽፉና ሲያርሙ ኖረዋል። የዚህ ቅዳሜ ተራው የአንዲት ገና ሁለተኛ ዓመቷን የያዘች ልጅ ነው፤ ስለ ገጠር ውኃ ነጥቦች ነው የጻፈችው። ሁለተኛው ክፍል ላይ ተሰናክላለች፤ እኛም አላወቅንላትም። ረቂቁን በትልቅ ፊደል አሳትመን እናስቀምጥልዎታለን።